ነፃው ቡፌ የት ገባ? በላስ ቬጋስ ዘወትር ለሚጫወት ሰው የምግቡና የጨዋታው ሂሳብ

ጥያቄ፦ «ላስ ቬጋስ ከገባሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ታክሲ እነዳለሁ፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ማታ ስሎት እጫወታለሁ፣ አንዳንዴም ብላክጃክ ላይ እቀመጣለሁ። ድሮ የካሲኖውን የተጫዋች ካርድ አስገብቼ ጥቂት ከተጫወትኩ ለእኔም ለእንግዳዬም ቡፌ በነፃ ነበር። አሁን ያንኑ ያህል ተጫውቼ የማገኘው ቡና መግዣ አይሆንም፤ ቡፌዎቹም አንድ በአንድ ተዘግተዋል። አንድ ጊዜ ደህና ገንዘብ ስለወሰድኩ ነው የቀነሱብኝ? ካርድ ሲገባ ማሽኑ አይከፍልም የሚሉትስ እውነት ነው? ደረጃዬ ከፍ እንዲል መደቤን ብጨምር ያዋጣኛል?»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር፤ መደብዎን አይጨምሩ። ለምግብ ተብሎ የሚጨመር ጨዋታ በአብዛኛው ከምግቡ ዋጋ ሦስትና አራት እጥፍ ያስወጣል። ከምግቡ የበለጠ ጉዳት ያደረሰብዎት ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ እርስዎ በሳህኑ ሲያዝኑ ጠረጴዛውና ማሽኑ ላይ የክፍያው ደንብ ተለውጧል። ሁለቱንም በቁጥር እናያለን።

ስላሸነፉ የቀነሰብዎት የለም። ካሲኖው ለተጫዋቹ የሚሰጠው ምግብ፣ አልጋና ነፃ ጨዋታ፣ ማለትም ኮምፕ፣ የሚለካው ያን ማታ ይዘው በወጡት ወይም ጥለው በሄዱት ገንዘብ አይደለም። የሚለካው በስሌት ሊከስሩ በሚጠበቅብዎት ገንዘብ ነው። በአማካይ የሚመድቡት፣ በሰዓት የሚጫወቱት ዙር፣ የቆዩበት ሰዓትና የቤቱ ብልጫ፣ ማለትም ቤቱ ከእያንዳንዱ ውርርድ በአማካይ የሚያስቀረው ድርሻ፣ ይባዛሉ፤ የሚወጣውን ቁጥር የካሲኖ ሠራተኞች ቴዎ ይሉታል። ቤቱ ከቴዎው ላይ ከአምስት አንድ እስከ ሦስት አንድ ገደማ ቆርሶ በኮምፕ መልክ ይመልሳል። ብዙ የከሰረን ሰው ሆስቱ፣ ማለትም ተጫዋቾችን የሚያስተናግደው የካሲኖው ሠራተኛ፣ በራሱ ሥልጣን እራት ሊጋብዘው ይችላል፤ ካርድ ይቆጥራል ተብሎ የተጠረጠረ ተጫዋችም ኮምፑ ሊቋረጥበት ይችላል። አንድ ማታ በስሎት የቀናው ሰው ግን በዚህ ምክንያት ከዝርዝር አይወጣም።

የካርዱም ወሬ መሠረት የለውም። ውጤቱን የሚያወጣው ፕሮግራምና ካርድዎን የሚያነበው መሣሪያ የተለያዩ ናቸው። አንባቢው ስንት እንደተወራረዱና ስንት ሰዓት እንደቆዩ ብቻ ይመዘግባል። ካርድ ሳያስገቡ ቢጫወቱ የሚከስሩት ያው ነው፤ የሚያጡት ተመላሹን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ። በየዙሩ 75 ሳንቲም ይመድባሉ እንበል። እጁ የለመደ ሰው በሰዓት 600 ዙር ይጫወታል፤ ይህ 450 ዶላር ውርርድ ነው። ከኪስ የወጣው ብቻ ሳይሆን ማሽኑ መልሶልዎት እንደገና ያስገቡትም አብሮ ይቆጠራል። የቤቱ ብልጫ 10 ከመቶ ቢሆን ቴዎው በሰዓት 45 ዶላር ነው። ቤቱ ሩቡን ቢመልስልዎ 11 ዶላር ከ25 ሳንቲም ይደርስዎታል። ቡፌ 12 ዶላር በነበረበት ጊዜ አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ተጫውቶ እራት መብላት ይቻል ነበር። ዛሬ በስትሪፑ፣ ትልልቆቹ ካሲኖዎች በተደረደሩበት ዋና ጎዳና፣ ላይ የቀሩት ትልልቅ ቡፌዎች፣ እንደ ሲዘርስ ፓላሱ ባካናል ያሉት፣ ለእራት 80 ዶላር ዙሪያ ያስከፍላሉ። በዚያው ተመን ያቺን እራት ለማግኘት ሰባት ሰዓት መቀመጥና 320 ዶላር ለመክሰር መዘጋጀት አለብዎት። እንግዳ ሲጨመር ደግሞ እጥፍ ነው። ካርድዎ ላይ ጥፋት የለም፤ ተመላሹ ባለበት ቆሞ ምግቡ ስድስት ሰባት እጥፍ ተወዷል።

ለምን ተወደደ የሚለው ረዘም ይላል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የቬጋስ ቡፌ ሲጀመርም ምግብ ሸጦ ለማትረፍ አልታሰበም። በ1941 የተከፈተው ኤል ራንቾ ቬጋስ በ1940ዎቹ በአንድ ዶላር እስኪጠግቡ የሚበላበት የሌሊት ገበታ የዘረጋው፣ ሰው ከትርዒቱ ወጥቶ ወደ መኝታው እንዳይሄድበት ነበር። ዳውንታውን ያለው ጎልደን ጌት ከ1959 ጀምሮ የሽሪምፕ ኮክቴል በ50 ሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1991 እንኳ ዋጋው 99 ሳንቲም ነበር። ቢኒየንስ ሆርስሹ ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ስቴክ በ2 ዶላር ያቀርብ ነበር። ወጥ ቤቱ እንደሚከስር ባለቤቶቹ ያውቁታል፤ የጨዋታው አዳራሽ ይሸፍነዋል።

ይህን አሠራር የለወጠው ሆቴሉና ምግቡ ራሳቸው ማትረፍ እንደሚችሉ መታየቱ ነው። ሚራዥ የተባለው ሆቴልና ካሲኖ በ1989 ተከፈተ። በ1992 ሼፍ ቮልፍጋንግ ፓክ ሲዘርስ ፓላስ ጎን ባለው ፎረም ሾፕስ በተባለው የገበያ አዳራሽ ውስጥ ስፓጎ የተባለ ምግብ ቤቱን ከፈተ፤ በ1998 የተከፈተው ቤላጂዮ ደግሞ ስመ ጥር ሼፎችን ሰብስቦ ጀመረ። ለእራት ብዙ መቶ ዶላር ለመክፈል ከሌላ ከተማ በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው ተገኘ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከስትሪፑ ትልልቅ ቤቶች ገቢ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከጨዋታ ይመጣ ነበር፤ አሁን ሲሶ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ዛሬ ለእነዚህ ቤቶች ዋናው ደንበኛ የግድ ተጫዋቹ አይደለም፤ ለአልጋ፣ ለእራትና ለኮንሰርት በካርዱ የሚከፍለው ጎብኚ ነው። በሳምንት ሦስት ማታ የሚመጣ የከተማው ነዋሪ በስትሪፑ ሚዛን ቀለል ያለው ለዚህ ነው፤ ይህን አውቆ ቤት መምረጥ ይገባል።

የመሬቱም ጉዳይ አለ። በ2019 የካሲኖ ኩባንያው ኤምጂኤም የቤላጂዮን ሕንፃና መሬት በ4.25 ቢሊዮን ዶላር ብላክስቶን ለተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት ሸጦ፣ በዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር ኪራይ መነሻ መልሶ ተከራየው። የሲዘርስ ፓላስም ሕንፃና መሬት እንዲሁ የሌላ ድርጅት ነው። ኪራይ የሚከፍል ቤት ሰፊ የቡፌ አዳራሽ በኪሳራ ሊያቆይ አይፈልግም። በ2016 ኤምጂኤም የስትሪፕ ፓርኪንጉን ማስከፈል ሲጀምርና ሌሎቹም ሲከተሉት ሐሳቡ ያው ነበር፤ እያንዳንዱ ክፍል ራሱን ይቻል የሚል። በ2023 የኩሊናሪ ማኅበር ሎካል 226 የፈረመው ውል የወጥ ቤቱንና የመስተንግዶውን ሠራተኛ ደመወዝ ከፍ አድርጓል። ሠራተኛው የሚገባውን ነው ያገኘው፤ የብዙ ቤተሰቦቻችንም እንጀራ ነው። ሰው የሚበዛበት ወጥ ቤት ወጪው መጨመሩ ግን አይቀርም።

መጨረሻውን ያመጣው ወረርሽኙ ነው። በማርች 2020 ካሲኖዎች ተዘጉ፤ ጁን 4 ሲከፈቱ ከቡፌዎቹ ብዙዎቹ ተዘግተው ቀሩ። ስቴሽን ካሲኖስ ፊስት የሚባሉትን ቡፌዎቹን መልሶ አልከፈተም፤ በዲሴምበር 2023 ያስመረቀው ዱራንጎም ከመነሻው ቡፌ አልተሠራለትም፣ በምትኩ ፉድ ሆል፣ ማለትም ብዙ ትንንሽ ምግብ ቤቶች የተሰበሰቡበት አዳራሽ፣ ገባበት። አሪያም ቡፌውን አፍርሶ ፉድ ሆል አድርጎታል። ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው። ቡፌ ሰው ቢመጣም ባይመጣም ትሪው መሞላት አለበት፤ የሚጣለው ምግብ ብዙ ነው፤ ተመጋቢው ደግሞ ከሩዝና ከዳቦ አልፎ ክራቡ ላይ ይበረታል። ፉድ ሆል ውስጥ ግን ሰው በላውን ይከፍላል፤ ቤቱም ኪራይ ወይም የሽያጭ ድርሻ ይሰበስባል።

ብዙ ተጫዋች የማያውቀው እዚህ ላይ አለ። ምግብ ቤቱ የካሲኖው የራሱ ከሆነ፣ 30 ዶላር የሚያወጣ ሳህን ሲሰጥዎ ለእሱ ወጪው ጥሬ ዕቃውና ጉልበቱ ነው፤ ከካርድዎ የሚቆርጠው ግን 30 ዶላሩን ነው። ምግብ ቤቱ የተከራይ ከሆነ ካሲኖው ለተከራዩ ጥሬ ገንዘብ መክፈል አለበት። ስለዚህ ሆስቱ በራሱ ወጥ ቤት ላይ ቸር፣ በተከራዩ ላይ ቆጣቢ ይሆናል። አንዳንድ ተከራይም ነጥብ ጨርሶ አይቀበልም፤ ከበሉ በኋላ ሂሳብ ይዘው መከራከር ዋጋ የለውም። ከመቀመጥዎ በፊት አስተናጋጁን «ይህ ቤት የካሲኖው ነው ወይስ ተከራይ? ነጥብ ትቀበላላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ሆስት ዘንድ የሚሄዱ ከሆነም «እራት ስጡኝ» ከማለት ይልቅ «በራሳችሁ ካፌ ውስጥ ለሁለት ሰው ምን ያህል ልትሸፍኑልኝ ትችላላችሁ?» ማለት የተሻለ መልስ ያስገኛል።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳት። ብላክጃክ ጠረጴዛ ላይ ጨርቁን አንብበው ያውቃሉ? ድሮ በየቦታው 3 ለ 2 የሚል ነበር፤ አሁን በስትሪፑ ዝቅተኛ መደብ ባለባቸው ጠረጴዛዎች ላይ በብዛት የሚታየው 6 ለ 5 ነው። 25 ዶላር መድበው አስና አሥር፣ ማለትም ራሱ ብላክጃክ የሚባለው ጥምረት፣ ቢመጣልዎ በ3 ለ 2 የሚከፈልዎ 37 ዶላር ከ50 ሳንቲም፣ በ6 ለ 5 ግን 30 ዶላር ነው። ሰባት ዶላር ከ50 ሳንቲም ትንሽ ትመስላለች። ብላክጃክ በአማካይ በ21 ዙር አንድ ጊዜ ይመጣል፤ በሰዓት 70 ዙር ከተጫወቱ፣ ዲለሩም አብሮ ብላክጃክ የሚይዝባቸውን ጥቂት ዙሮች ቀንሰን፣ ልዩነቱ በሰዓት 24 ዶላር ገደማ ነው። በአራት ሰዓት 95 ዶላር ይሆናል። ያጡት ነፃ ቡፌ ከዚህ በታች ነው ዋጋው። በየእጁ የሚሻለውን ውሳኔ ተከትሎ በትክክል ለሚጫወት ሰው የቤቱ ብልጫ በጥሩ 3 ለ 2 ጠረጴዛ ግማሽ ከመቶ ያህል ነው፤ በ6 ለ 5 ወደ 2 ከመቶ ይጠጋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። በስትሪፑ 3 ለ 2 ፈልገው መነሻው 50 ዶላር የሆነ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ፣ በሰዓት የሚጠበቀው ኪሳራ 17 ዶላር ከ50 ሳንቲም ገደማ ነው፤ 15 ዶላር መነሻ ካለው 6 ለ 5 ጠረጴዛ በጥቂቱ ብቻ ይሻላል፤ ሆኖም አንድ ክፉ ግማሽ ሰዓት የሳምንት ገቢዎን ሊወስድ ይችላል። መፍትሔው መደብ ማሳደግ አይደለም፤ 15 ዶላር መነሻና 3 ለ 2 ክፍያ ያለበትን ጠረጴዛ ነዋሪው በሚያዘወትራቸው የሰፈር ካሲኖዎች መፈለግ ነው። እዚያ የሚጠበቀው ኪሳራ በሰዓት ከ5 ዶላር ትንሽ ይበልጣል። በትንሽ ካርድ ላይ የታተመውን፣ በየእጁ ምን ማድረግ እንደሚሻል የሚያሳየውን የብላክጃክ ሠንጠረዥ ይዞ መቀመጥ አይከለከልም፤ ያለ ሠንጠረዥ በስሜት የሚጫወት ሰው ግን ይህን ቁጥር አይጠብቅ።

ሩሌት ላይም ያው ነው። አንድ ዜሮ ያለው መንኮራኩር ለቤቱ 2.70 ከመቶ፣ ሁለት ዜሮ ያለው 5.26 ከመቶ፣ ከ2016 ወዲህ የተስፋፋው ሦስት ዜሮ ያለው 7.69 ከመቶ ይሰጣል። ሦስተኛው ዜሮ ብዙ ጊዜ የቤቱ አርማ ተደርጎ ስለሚሣል ዓይን ያልፈዋል። ዜሮዎቹን ሳይቆጥሩ አይመድቡ።

ስሎት ላይ መለያ የለም፤ የማሽኑን ብልጫ ፊቱ ላይ አያዩትም። የሚታወቀው አጠቃላዩ ነው፦ በስትሪፑ የፔኒ (በስማቸው የአንድ ሳንቲም) ማሽኖች ከ11 ከመቶ በላይ ይይዛሉ፣ የአንድ ዶላር ማሽኖች ግን ከዚያ ያነሰ። ፔኒ ይባል እንጂ ዝቅተኛው ዙር 50፣ 75 ወይም 88 ሳንቲም ሊሆን ይችላል። ይህ ማለት ወደ ዶላሩ ይዛወሩ ማለት አይደለም፤ ብልጫው ቢቀንስም መደቡ ስለሚያድግ በሰዓት የሚወጣው ይበልጣል። ማሽን ካልተዉ የተሻለው ቪዲዮ ፖከር ነው፤ ምክንያቱም የክፍያ ሠንጠረዡ ፊቱ ላይ ተጽፏል። ጃክስ ኦር ቤተር የሚለውን ይክፈቱና የአንድ ክሬዲት ዓምድ ላይ ፉል ሃውስና ፍላሽ የሚባሉትን የካርድ ጥምረቶች ክፍያ ይመልከቱ። 9 እና 6 ከሆነ በትክክል ለሚጫወት ሰው 99.54 ከመቶ ይመልሳል። 7 እና 5 ከሆነ 96.15 ከመቶ ብቻ ነው። በ1 ዶላር ከ25 ሳንቲም፣ በሰዓት 600 እጅ ሲጫወቱ የመጀመሪያው 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ገደማ፣ ሁለተኛው ወደ 29 ዶላር ያስከፍላል። ማሽኖቹ አንድ ዓይነት ሳጥን፣ አንድ ዓይነት ስም አላቸው፤ ጎን ለጎን ሊቀመጡም ይችላሉ።

ስለ ደረጃ። በካርድዎ ላይ ሁለት ቆጠራ አለ፤ አንዱ ለምግብ የሚመነዘረው ነጥብ ነው፣ ሌላው ወርቅ ወይም አልማዝ የሚያሰኝዎት የደረጃ ነጥብ። ሁለተኛው አይበላም። በሲዘርስ ሪዋርድስ ስሎት ላይ 5 ዶላር ሲወራረዱ አንድ የደረጃ ነጥብ፣ በቪዲዮ ፖከር ደግሞ ለ10 ዶላር አንድ ያገኛሉ። ዳይመንድ የሚባለው ደረጃ 15,000 ይጠይቃል። የጉርሻ ቀኖችን ሳንቆጥር ይህ 75,000 ዶላር የስሎት ውርርድ ነው፤ በ10 ከመቶ ብልጫ 7,500 ዶላር ኪሳራ ይጠበቃል። ለዚህ ልፋት የሚገኘው አጭር ሰልፍ፣ ነፃ ፓርኪንግና አንዳንድ ግብዣ ነው። ቆጠራው ዲሴምበር 31 ይዘጋልና በየዓመቱ ኖቬምበርና ዲሴምበር ላይ «ትንሽ ቀርቶኛል» እያለ የሚቀመጥ ሰው ይበዛል። የቀረችው ትንሽ ነጥብ ስንት ዶላር ውርርድ እንደሆነች በ5 አባዝተው፣ ከዚያ አሥረኛውን ይውሰዱ፤ ያ ነው ዋጋዋ።

የቀረው ጥቅም በሰፈር ካሲኖዎች ነው። ሳውዝ ፖይንት፣ የስቴሽንና የቦይድ ቤቶች የሚተዳደሩት ተመልሶ በሚመጣ ነዋሪ ስለሆነ ፓርኪንግ አያስከፍሉም፤ የተሻለ የቪዲዮ ፖከር ሠንጠረዥም እዚያ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ቡፌ የግድ ካስፈለገ ሳውዝ ፖይንት ጋርደን ቡፌ፣ ፓልምስም ከ2022ቱ ዳግም መከፈቱ ወዲህ ቡፌ አለው። የሥራ ቀን ምሳ ከቅዳሜ እራት በጣም ይረክሳል፤ የኔቫዳ መታወቂያ ላለው የሚቀንሱም አሉ፣ መጠየቅ ነው። አንዳንዱ ቡፌ 90 ደቂቃ ብቻ ስለሚፈቅድ ከዲሲ የመጣ እንግዳ ይዘው ሊያወጉ ካሰቡ አስቀድመው ይወቁት። ለጾመኛ ደግሞ ቡፌ ከሁሉም የከፋ ግዢ ነው። ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም በዐቢይ ጾም ለሰላጣና ለፍራፍሬ የክራቡን ዋጋ ይከፍላሉ፤ አትክልቱም ውስጥ ቅቤ መኖር አለመኖሩን ማንም አያረጋግጥልዎትም። በዚያ ገንዘብ በከተማው ካሉት ምግብ ቤቶቻችን በአንዱ ቤተሰብ ይዘው የጾም በየዓይነቱ ይበላሉ።

ነፃ እራት ሲያገኙም የሚከፍሉት እንዳለ አይርሱ። ኮምፕ በአብዛኛው ቲፕን አይሸፍንም፤ ቲፑ የሚሰላው ደግሞ ከመቀነሱ በፊት ባለው ሂሳብ ነው። የሁለት ሰው 160 ዶላር ቢሆን 30 ዶላር ያህል በኪስዎ ይዘው ይግቡ። ነጥብም ያረጃል፤ በብዙ ቤቶች ስድስት ወር ያህል ካርዱ ካልተነካ ይጠፋል። ባር ላይ በሚጫወቱበት ጊዜ መጠጡ ነፃ ነው ብለው አይዘዙ፤ በበርካታ ቤቶች ማሽኑ በቂ ውርርድ ሲቆጥር ብቻ አረንጓዴ መብራት ይበራል ወይም ወረቀት ይወጣል።

የግብሩ ነገር ከ2026 ጀምሮ ከብዷል። በጁላይ 2025 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት ከአሸናፊነት ገቢ ላይ መቀነስ የሚቻለው የኪሳራው 90 ከመቶ ብቻ ነው። በዓመቱ 10,000 ዶላር አሸንፈው 10,000 ዶላር ቢከስሩ በእጅዎ ምንም ሳይኖር በ1,000 ዶላር ላይ ግብር ይጠየቃሉ። ይህም ወጪያቸውን በዝርዝር ለሚያስመዘግቡ ነው፤ መደበኛውን ቅናሽ የሚወስድ ሰው ኪሳራውን ጨርሶ አይቀንስም። ካርድ የማስገባት አንዱ እውነተኛ ጥቅም በዓመቱ መጨረሻ ቤቱ የማሸነፍና የመሸነፍ መግለጫ ስለሚሰጥዎ ነው። ግብርዎን ለሚሠራው ሰው ያሳዩት።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ምግብና ጨዋታን ይለያዩ። እራትዎን ከምግብ በጀትዎ በጥሬ ገንዘብ ይክፈሉ፤ መጀመሪያ ይብሉ፣ ከዚያ ካሻዎት ይጫወቱ። የጨዋታውን ገንዘብ በወር ወስነው ይያዙ፣ ሲያልቅ ይነሡ። ቤት የሚመርጡት በጨዋታው ደንብ ይሁን፦ 3 ለ 2፣ አንድ ዜሮ፣ 9 እና 6። ካርድዎን አንድ ቦታ ላይ ያጠናክሩ እንጂ አምስት ቤት አይበትኑት። በዚህ አካሄድ የተጠራቀመች ነጥብ ካለች ካሲኖው ራሱ በሚያስተዳድረው ካፌ ይብሏት። ነጥብ ለመሙላት ግን አንዲት ዙር አይጨምሩ።

በሳምንት ሦስት ማታ የሚለው ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የቤት ኪራይ ወይም ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ ከጨዋታው ገንዘብ ጋር መቀላቀል ከጀመረ፣ ወይም የጠፋውን ለመመለስ ሌሊቱን ከፈረቃ ቀርተው ከተጫወቱ፣ የሠንጠረዥ ዕውቀት አይረዳዎትም፤ ማቆም ነው ያለብዎት። በቁማር ችግር መርጃ መስመር 1-800-426-2537 በማንኛውም ሰዓት በነፃ ይደውሉ፤ አስተርጓሚ እንዳለ ሲደውሉ ይጠይቁ። የኔቫዳ ደንብ ካሲኖዎች በፖስታ የሚልኩልዎን ግብዣ እንዲያቋርጡልዎ እርስዎ የሚጠይቁበት መንገድ እንዲኖራቸው ያስገድዳል፤ ወደ ካርድ መስጫው መስኮት ሄደው ቅጹን ይጠይቁ፣ መታወቂያዎን ይያዙ፣ ከየድርጅቱ ለየብቻ ይሙሉ፤ የአንዱ ጥያቄ ለሌላው አይሠራም።